የቆሸሸ ዘይትና የተቃጠለ ዘይት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለልኝ። አሁን የአንድ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ ሆኗል። ከሰላምታ በኋላ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። የአየር ኮምፕረሰሮቻቸው ዘይት መቀየሪያ ሰዓቱ ደርሷል። አዲሱ ዘይት ግን የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እየጠበቀ ነው። በዚህ መሀል አንድ ሰው በጎማ የሚገፋ የዘይት ማጣሪያ ይዞ መጥቶ «አትጣሉት፤ በአንድ ሌሊት አጣርቼ እንደ አዲስ አደርግላችኋለሁ» ብሏቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎታል። ልጁ ግን ልቡ አላረፈም። «እውነት ነው ወይስ ማታለል?» አለኝ።

«እውነትም ነው፤ ማታለልም ሊሆን ይችላል» አልኩት።

«ቲቸር ደግሞ! እንደ ድሮው ፈተና አደረጉት» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዚህ ጥያቄ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ። አወዳደቄን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ታሪኩን ከሥሩ እንየው፤ መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ነውና። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

*

እኛ ሀገር ከማሽን የወጣ ዘይት ሁሉ አንድ ስም ነው ያለው፦ «የተቃጠለ ዘይት»። ከመኪና ይውጣ፣ ከጄነሬተር ይውጣ፣ ከኮምፕረሰር ይውጣ፣ ጠቆር ካለ «ተቃጥሏል» ነው። ከዚያ ለአጥር እንጨትና ለቤት ምሰሶ መቀቢያ ይሆናል፣ ምስጥ እንዳይበላው። የተረፈው ቦይ ውስጥ ይደፋል።

ልብ በሉልኝ፣ ስሙ ራሱ ፍርድ ነው። «ተቃጠለ» ከተባለ በኋላ ማን ይመረምረዋል? አመድ አይመረመርም። ነገር ግን ከማሽን የሚወጣ ዘይት ሁለት የተለያየ ችግር ሊኖርበት ይችላል። አንዱ መቆሸሽ ነው፦ አቧራ፣ የብረት ብናኝ፣ ውሃ ገብቶበታል፤ ዘይቱ ራሱ ግን ደህና ነው። ሌላው ማርጀት ነው፦ በሙቀትና በአየር ብዛት የዘይቱ ባሕርይ ራሱ ተለውጧል። እናቶቻችን ይሄን ልዩነት በቅቤ ያውቁታል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ፀጉር ቢገባ ይወጣል፣ ቅቤው ያው ለጋ ነው። የከረፋ ቅቤ ግን በስንት ጨርቅ ብታጠልሉት ለጋ አይሆንም።

የዘይት ታሪክ እንግዲህ የሰው ልጅ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለመለየት የወሰደበት ጊዜ ታሪክ ነው። አንዳንዶቻችን እስከ ዛሬም አልለየንም።

*

መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ራሱ አልነበረም። በእንፋሎት ዘመን ዘይት ጠብ ይደረጋል፣ ያለሰልሳል፣ መሬት ላይ ፈስሶ ይቀራል። ባቡሮች በየተወሰነ ርቀት ይቆሙና ሠራተኛ ወርዶ በየመገጣጠሚያው ዘይት ይጨምር ነበር። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ይሄን ሥራ ይሠሩ ከነበሩት አንዱ ኤላይጃ መኮይ ይባላል። ወላጆቹ ከኬንታኪ ባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ናቸው። እሱ ስኮትላንድ ሄዶ መካኒክነት ተምሮ ቢመለስም ጥቁር በመሆኑ የመሐንዲስ ሥራ የሚሰጠው ጠፋና እሳት አንዳጅና ዘይት ጨማሪ ሆኖ ተቀጠረ። በ1872 ባቡሩ ሳይቆም ዘይቱን በራሱ የሚመግብ ዕቃ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ትልቅ ሰው ነው። ቢሆንም የእሱም ዘይት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ሄዶ አይመለስም።

ቀጥሎ በእንግሊዝ ሀገር አንድ አስቂኝ ነገር ተፈጠረ። በ1883 ቢውቻምፕ ታወር የተባለ መሐንዲስ የባቡር አክስል የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ሲፈትሽ ከላይ በኩል የዘይት መጨመሪያ ቀዳዳ በሳ። ማሽኑን ሲያስነሳው ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ ይገነፍል ጀመር። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተስፈንጥሮ ወጣ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። ማኖሜትር ቢያስርበት መለኪያው ሊያሳይ ከሚችለው 200 ፓውንድ በስኩዌር ኢንች አለፈ፤ በዛሬው ልክ ወደ 14 ባር መሆኑ ነው። ታወር ሳያስበው ያገኘው ነገር ይሄ ነው፦ በደንብ የሚሠራ ኩሽኔታ ውስጥ ብረት ብረትን አይነካም። አክስሉ የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ሒሳቡን ሠርቶ አስረዳ።

ይሄ ግኝት ለእኛ ጥያቄ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ዘይት ሥራ ስለሠራ ብቻ አያልቅም፤ የሚሸከመው እንጂ የሚፋቀው እሱ አይደለም። ሁለተኛ፣ ንጣፉ በጣም ስስ ስለሆነ በዚያ መሀል የሚገባ ጠጣር ነገር እንደ ሞረድ ይፍቃል። ጠላቱ ሥራው ሳይሆን ቆሻሻው ነው ማለት ነው።

በ1890 በበርሚንግሃም ቤሊስ ኤንድ ሞርኮም በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረ አልበርት ፔይን ዘይትን በፖምፓ እየገፋ በየኩሽኔታው የሚያደርስና መልሶ ወደ ታች ማጠራቀሚያ የሚሰበስብ ዘዴ አስመዘገበ። (ድርጅቱ ኋላ በኮምፕረሰር ስሙ የታወቀ ነው።) እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። ዘይት ሄዶ መመለስ ጀመረ። መመለስ ከጀመረ ደግሞ ቆሻሻውንም ይዞ ይመለሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘይት «ዕድሜ» የሚባል ነገር ኖረው።

*

ማጽዳት የተጀመረው በቀላሉ ነው። በርሜል ውስጥ አስቀምጦ ማዝቀጥ፣ በጨርቅና በወፍራም ወረቀት ማጥለል። ከዚያ ከማይጠበቅ ቦታ እርዳታ መጣ፤ ከወተት ቤት! ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል በ1878 ወተትን በኃይል እያሽከረከረ ቅባቱን የሚለይ ማሽን ሠርቶ ነበር። የእኛ እናቶች እርጎ ንጠው በትዕግሥት የሚያገኙትን ቅባት እሱ በማሽከርከር ኃይል ከወተቱ ለየው። ከባዱ ወደ ውጭ፣ ቀላሉ ወደ መሀል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ማሽን መርከብ ላይ ተጭኖ ውሃና ዝቃጭ ከዘይት የሚለይ ሆነ። ዛሬም በትልልቅ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማል።

በ1923 ደግሞ አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ ለመኪና ሞተር የዘይት ፊልትሮ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ፊልትሮዎች ዘይቱን በሙሉ አያጣሩም ነበር፤ ትንሽ ትንሽ በጎን እየወሰዱ፣ አጥርተው ይመልሳሉ። ይሄ «በጎን ማጣራት» የሚባለው ሐሳብ ነው ዛሬ ተማሪዬ ፋብሪካ በር ላይ በጎማ እየተገፋ የመጣው። ጋሪው ላይ ያለው ነገር ተዓምር አይደለም፦ ሞተር፣ ፖምፓ፣ አንድ ወይም ሁለት ፊልትሮ፣ ማኖሜትርና ሁለት ቱቦ። አንዱ ቱቦ ይስባል፣ አንዱ ይመልሳል። ኩላሊታችን ደማችንን እንደሚያጣራው ነው።

*

አሁን ወደ ኮምፕረሰሩ እንምጣ፤ የእሱ ዘይት ከሌላው ይልቅ መከራ ያያልና።

የታመቀ አየር በትልቁ ስሙን ያስጠራው በአልፕስ ተራራ ሥር ነው። ፈረንሳይንና ጣሊያንን የሚያገናኘው የፍሬዡስ ዋሻ ቁፋሮ በ1857 ተጀመረ። ዠርሜን ሶሜይዬ የሚባል መሐንዲስ ከ1861 ጀምሮ በታመቀ አየር የሚሠራ መሰርሰሪያ አስገብቶ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው ዋሻ በ1871 ተመረቀ። ያሳዝናል፣ ሶሜይዬ ምርቃቱ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሞተ።

አየር ሲታመቅ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሁሉ ያውቀዋል። 20 ዲግሪ የሆነ አየር በአንድ ጊዜ ወደ 7 ባር ቢታመቅና ማቀዝቀዣ ባይኖረው ሙቀቱ በስሌት ከ250 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በፒስተን ኮምፕረሰሮች ዘመን ዘይቱ በዚያ ሙቀት እየደረቀ መውጫ ቱቦው ላይ እንደ ከሰል ይጋገር ነበር። የተጋገረው አንዳንዴ ተቀጣጥሎ እሳትና ፍንዳታ ያስነሳል። እዚህ ላይ እንግዲህ «የተቃጠለ ዘይት» የሚለው ስም በእርግጥም ይገባዋል።

በ1930ዎቹ ስዊድናዊው አልፍ ሊስሆልም ሁለት ጠመዝማዛ ብሎኖች እርስ በርስ ተያይዘው አየር የሚያምቁበትን ማሽን አዳበረ። በ1950ዎቹ ደግሞ መሐንዲሶች በዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ ዘይት በብዛት መርጨት ጀመሩ። ዛሬ በየፋብሪካው የምናየው የስክሩ ኮምፕረሰር ይሄ ነው። ዘይቱ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ያለሰልሳል፣ ክፍተት ይደፍናል፣ ሙቀት ይወስዳል። በእሱ ምክንያት መውጫው ላይ ያለው ሙቀት ወደ 80ና 90 ዲግሪ ወረደ።

ግን ዋጋ አለው። ይሄ ዘይት ቀኑን ሙሉ ከትኩስ አየር ጋር እየተደባለቀ ይኖራል። በአየር ውስጥ ያለው አቧራና የውሃ እንፋሎትም አብሮ ይገባል። ከሁሉ በላይ ኦክሲጅኑ ቀስ እያለ ይበላዋል። በሙያችን የታወቀ ስሌት አለ፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የማርጀቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ፋብሪካዎች ዘይቱ ውስጥ እርጅናን የሚከላከል ቅመም ይጨምራሉ። ቅመሙ እስካለ ዘይቱ ይቆያል። ቅመሙ ያለቀ ቀን ዘይቱ ይኮመጥጣል፣ ይወፍራል፣ ብረቱ ላይ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል። ከማዕድን ዘይት የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ 2,000 ሰዓት ገደማ፣ ጥሩ ሰው ሠራሽ ዘይት ደግሞ እስከ 8,000 ሰዓት ያገለግላል የሚባለው ለዚህ ነው።

*

ሰው ዘይት መቆጠብን የተማረው በችግር፣ የረሳው በጥጋብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንም አሜሪካም ያገለገለ ዘይት እየሰበሰቡ ዳግም ያነጥሩ ነበር። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ ማጣራት ቆሻሻን ማውጣት ነው፤ ማንጠር ግን ዘይቱን በሙቀትና በኬሚካል ሠርቶ ያረጀውን ክፍል ለይቶ ማስወገድ ነው። ቅቤ ማጥለልና ቅቤ ማንጠር አንድ እንዳልሆነ ሁሉ። ማንጠር ትልቅ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ በጋሪ አይሠራም።

ከጦርነቱ በኋላ ነዳጅ ረከሰና ነገሩ ተረሳ። ያገለገለ ዘይት እንደገና ቆሻሻ ሆነ። ቆሻሻ የተባለ ነገር ደግሞ ማንም ከማንም ጋር ይደባልቀዋል። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ራስል ብሊስ የሚባል ሰው ያገለገለ ዘይት እየሰበሰበ አቧራ እንዳይነሳ በፈረስ መጋለቢያዎችና በመንገድ ላይ ይረጭ ነበር። በ1971 ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ የወሰደው ዝቃጭ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ነበረበት፤ ከዘይቱ ጋር ተደባለቀ። መጀመሪያ ወፎች ሞቱ፣ ቀጥሎ ፈረሶች። ታይምስ ቢች የምትባል 2,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ መንገዶቿ ተረጭተው ነበር። በ1983 መንግሥት ከተማዋን በሙሉ ገዝቶ ነዋሪዎቿን አስወጣ። ዛሬ እንደ ከተማ የለችም። ጥፋቱን ያመጣው ዘይቱ ራሱ ሳይሆን ማንም ሳይጠይቅ የተደባለቀበት ነገር ነው።

እስቲ አንድ ቁጥር ላሳያችሁ፦ 1966።

በፈረንጆቹ 1966 ፒተር ጆስት የሚባል መሐንዲስ ለእንግሊዝ መንግሥት አንድ ሪፖርት አቀረበ። ስለ መፋተግና ማለስለስ ያለውን እውቀት በደንብ ብንጠቀምበት ሀገሪቱ በዓመት 515 ሚሊዮን ፓውንድ ትቆጥባለች አለ። ለሙያውም «ትራይቦሎጂ» የሚል ስም ያወጣለት ይኸው ሪፖርት ነው። ጠቅለል ሲል መልእክቱ፦ ፋብሪካዎቻችሁ የሚበሉት ገንዘብ በዘይት ቸልተኝነት ውስጥ ነው።

በእኛ 1966 ዓ.ም. ደግሞ፣ ታላላቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ንሮ እኛም ሀገር ቤንዚን 50 ከመቶ ተጨመረበት። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ በርሜል ዘይት ከሩቅ ሀገር የሚመጣ፣ በዶላር የሚገዛ ነገር መሆኑ ለብዙ ሰው በግልጽ የታየው ያኔ ይመስለኛል።

*

እኔ ፋብሪካ የገባሁት ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ በጥር 1967 ዓ.ም. ከተወረሱት አንዱ በሆነ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ዋናው መካኒክ ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ሙያውን የቀሰሙ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። መለዋወጫ የለም፣ ዘይት የለም፣ ማሽኑ ግን መቆም የለበትም።

ጋሼ ከማሽን የወጣ ዘይት አያስጥሉም ነበር። ከታች አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቧንቧ የተበየደበት በርሜል ነበራቸው። ዘይቱን እዚያ ሳምንታት ያስቀምጡታል፣ ከላይ ያለውን ብቻ በእጥፍ አቡጀዲ ያጠልሉታል። ከዚያ ምርመራ ይጀምራሉ። እኔና ጓደኞቼ ቆመን እናያለን፤ ፈገግ ብንል ይቆጣሉ።

«ዘይት እንደ እንግዳ ሦስት ነገር ይጠየቃል» ይሉ ነበር። «ምን ጠጣህ? ምን በላህ? ዕድሜህ ስንት ነው?»

ምን ጠጣህ፦ የጋለ ብረት ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋሉ። ምጣድ ላይ እንደተረጨ ውሃ ከተንጫጫ ውሃ ጠጥቷል። ምን በላህ፦ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርገው በማጉያ መነጽር ያዩታል፣ በጣታቸው መሀል ይፈትጉታል። ዕድሜህ ስንት ነው፦ ያሸቱታል። ኮምጠጥ ካለ፣ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ሲያፈሱት ከወፈረ፣ «ይሄ ሽማግሌ ነው፤ በር ላይ ዘበኛ ይሁን» ይላሉ። የበር ማጠፊያና የጋሪ ጎማ ይቀባበታል እንጂ ኮምፕረሰር ውስጥ አይመለስም።

ኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ሳስተምር ነው የገባኝ፤ የጋሼ ሦስት ጥያቄዎች የዓለም ላቦራቶሪዎች የሚጠይቋቸው ናቸው። የውሃውን መጠን በትክክል የሚለካው ዘዴ ጀርመናዊው ካርል ፊሸር በ1935 ያወጣው ነው። ብናኙን የሚቆጥረው ደግሞ በ1987 የወጣውና በ1999 የተሻሻለው አይኤስኦ 4406 የሚባለው መለኪያ ነው። ውጤቱ እንደ 18/16/13 ባሉ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን በላይ የሆኑ ብናኞች ብዛት ደረጃ ነው። ቁጥሩ በ1 ሲጨምር ብናኙ እጥፍ ይሆናል። 18 ማለት ከ1,300 እስከ 2,500 ብናኝ ነው። ዓይናችን ደግሞ ከ40 ማይክሮን ያነሰውን አያይም። ስለዚህ «ጥርት ብሏል» የምንለው ዘይት ኩሽኔታ የሚበላ አሸዋ ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። አዲስ በርሜልም ቢሆን! ከፋብሪካ እስከ መጋዘን ብዙ ቧንቧና ብዙ ቦቴ አልፎ ነው የሚመጣው።

ለሦስተኛው ጥያቄ፣ ለዕድሜው፣ የአሲድ መጠኑና ውፍረቱ ይለካል። ጋሼ በአፍንጫቸው የሚያደርጉትን ማለት ነው።

*

አሁን አወዳደቄ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ከማስተማሩ ጎን ለአንድ ሌላ ፋብሪካ በአማካሪነት እሠራ ነበር። የተገጠመው ዘመናዊ የስክሩ ኮምፕረሰር ነው፤ ለሽመና ማሽኖቹ አየር የሚሰጠው እሱ ነው። ዘይቱ ጊዜውን ጨርሷል፣ አዲስ የለም። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነው የማጣሪያ ጋሪ ነበረኝ። ፖምፓው ከወደቀ ማሽን፣ ጎማዎቹ ከአሸዋ ጋሪ፣ ሁለቱ ፊልትሮዎች በስንት ልመና የተገኙ። እንዴት እንደምኮራበት!

ዘይቱን ሌሊቱን ሙሉ አዞርነው። በሙያው የሚባለው ቢያንስ ሰባት ጊዜ ይዙር ነው፤ እኛ ከዚያም በላይ አዞርነው። ጠዋት በብርጭቆ ቀድቼ ወደ መስኮት ያዝኩት። ቀይ ሆኖ ጥርት ያለ፣ ልክ እንደ ሻይ። ጠብታዋን ብረት ላይ ሞከርኩ፤ አልተንጫጫም። ወረቀት ላይ ሞከርኩ፤ ንጹሕ ነው። ሸተተኝ፤ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። እና ምን አልኩ? «የቱቦው ሽታ ይሆናል።»

የጋሼን ሁለት ጥያቄ ጠይቄ ሦስተኛውን ተውኩት። ሰነፍ ተማሪ የሚያደርገውን አደረግሁ፤ የሚመቸኝን ብቻ መለስኩ።

ሦስት ወር አልሞላም። ኮምፕረሰሩ እየጋለ በራሱ መቆም ጀመረ። ስንፈታው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቫልቮላው ላይ ቡናማ ቫርኒሽ ተለጥፎ አላላውስ ብሎታል። ዘይትና አየር የሚለየው ፊልትሮ ተደፍኗል። ዘይቱ በደንብ ስላልደረሳቸው የብሎኖቹ ኩሽኔታዎች ተበልተዋል። ቆሻሻውን ጋሪው አውጥቶት ነበር፤ እርጅናውን ግን ማንም አላወጣውም። ፊልትሮ ያለቀ ቅመም አይመልስም።

ለመለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ አንድ ፈረቃ ሙሉ ለሦስት ሳምንት ከሥራ ተቀመጠ። በማግስቱ ከፋብሪካው በር ላይ አንዲት ሸማኔ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። «መምህር፣ መቼ ነው የምትጠሩን?» ብቻ ነበር ያለችው። የምመልሰው አልነበረኝም። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የቆጠብነው ዘይት ከአንድ ትንሽ በርሜል አይበልጥም ነበር።

ጋሪውን ግን አልጣልኩትም። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ጥያቄ እየጠየቅን፣ ናሙና እያስመረመርን፣ በዚያው ጋሪ ብዙ ዘይት አትርፈናል። በተለይ ገና ወጣት ሆኖ የቆሸሸውን፣ ውሃ የገባበትን፣ አዲስ ሆኖ ከበርሜል የሚወጣውንም። ዘይቱ ሲያረጅ ከመጣራት ይልቅ ገና ሳያረጅ ንጹሕ ሆኖ ቢኖር ዕድሜው ይረዝማል። ውሃና የብረት ብናኝ እርጅናውን የሚያፋጥኑት ናቸውና።

*

እንግዲህ ለተማሪዬ በማግስቱ ደውዬ የነገርኩት ይሄን ነው፤ ለእናንተም ይሁን።

ሰውየውን አታባርረው፤ አትመነውም። መጀመሪያ ኮምፕረሰሩ ሥራ ላይ እንዳለና ዘይቱ እንደሞቀ ናሙና ውሰድ፣ ከታች ከዝቃጩ ሳይሆን ከሚዞረው። ከአዲሱ ዘይት ናሙና ጋር አብረህ አስመርምር። አሲዱ ከፍ ካለ ወይም ውፍረቱ ከተለወጠ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ የቱንም ያህል ቢያጣራው «እንደ አዲስ» አይሆንም። አሲዱና ውፍረቱ ደህና ሆኖ ብናኙና ውሃው ከበዛ ግን ጋሪው ሥራው ነው፣ ይግባ።

ፊልትሮውን «ስንት ማይክሮን?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ «በዚያ መጠን ምን ያህሉን ይይዛል?» በለው። ከ200 ብናኝ 1 ብቻ የሚያሳልፍ አለ፣ ግማሹን የሚያሳልፍም አለ፤ ሁለቱም «10 ማይክሮን» ተብለው ይሸጣሉ። ውሃ ካለ ተራ ፊልትሮ ብዙ አይረዳህም፤ በቫኪዩም የሚሠራ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አስተምሬህ የለ? ግፊት ሲቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ማሽኑ ግፊቱን በጣም ስለሚቀንሰው ውሃው ዘይቱን በማይጎዳ ሙቀት፣ በ60 ዲግሪ ገደማ፣ ተንኖ ይወጣል።

ጋሪው ትናንት የሌላ ፋብሪካ ምን ዘይት እንዳጣራም ጠይቅ። ቱቦውና ፊልትሮው ውስጥ የቀረው ካንተ ጋር ይደባለቃል። አንዳንድ ሰው ሠራሽ ዘይት ከማዕድን ዘይት ጋር ሲገናኝ እንደ ገንፎ ይሆናል። ታይምስ ቢችን አትርሳ።

ካጣራህም በኋላ እንደገና አስመርምር። ቁጥሩን በወረቀት ስጠኝ በለው። ወረቀት ካልሰጠህ ገንዘብ አትስጠው።

ሽማግሌ የሆነውን ዘይት ደግሞ ቦይ ውስጥ እንዳትደፋ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአንድ ጊዜ ቅያሬ ያገለገለ ዘይት፣ ማለትም 1 ጋሎን፣ 1 ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል። ስሙን፣ ቀኑን፣ ዓይነቱን ጽፈህ በተዘጋ በርሜል አስቀምጠው፣ ለሚያነጥር ወይም በአግባቡ ለሚያስወግድ እስክታስረክብ።

ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና «ቲቸር፣ እርስዎ ያኔ ክፍል ውስጥ ይሄን የኮምፕረሰር ታሪክ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፍሬ ነበር። ስለ ታወር ቡሽ በየዓመቱ አስተምር ነበር፣ ስለ ራሴ ኮምፕረሰር ግን አንድ ቀንም አላስተማርኩም። ዛሬ የጻፍኩት ለዚያ ነው፤ የዘገየ የክፍል ትምህርት ቁጠሩት።

እስቲ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ መርከብ ላይ የምትሠሩ ልጆቼ፣ በናንተ ቤት የወጣ ዘይት ምን ይሆናል? ማን ነው «ተቃጥሏል» ብሎ የሚፈርደው፣ በምን ለክቶ? ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ፤ እርማት መቀበል ለምጃለሁ።

ደህና እደሩ።